በአንድ ቦርሳ ውስጥ የተቀመጡ ሦስት መልሶች

ሦስት ሰዎችን ከጥፋት የሚያወጣ ነገር ብታውቁ፣ ግን ያንኑ ነገር ላትናገሩ ለሦስቱም ቃል ገብታችሁ ቢሆን ምን ታደርጉ ነበር? መልሳችሁን ለጊዜው ያዙልኝና በእኔ የደረሰውን ላጫውታችሁ።

ያን ጊዜ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጃንሆይ ገና በዙፋናቸው ላይ ነበሩ። ተወልጄ ያደግሁት ሐረር፣ ከጀጎል ግንብ ውጪ፣ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው ከሰፈሩ ክርስቲያኖች ቤት ነው። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። እኔ አዲስ አበባ ካለው ዩኒቨርሲቲ ስማር ቆይቼ የመመረቂያ ጥናቴን ለመሥራት ወደ ሐረር ተመለስኩ። የጥናቴ ጉዳይ ቤተሰብ ነበር፦ በአንድ ቤት ማን ይወስናል? ሲጣሉ ማን ያስታርቃል? የከፋው ሰው ለማን ይናገራል? ዛሬ የቤተሰብ ምክር የሚባለው ሙያ በዚያን ጊዜ ስሙም አይታወቅም። መምህራችን ግን ውጭ አገር ተምረው የመጡ ሰው ነበሩና «አንድ ሰው ሲታመም እሱን ብቻ አትዩ፤ የሚኖርበትን ቤት እዩ» ይሉን ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። አባትን፣ እናትንና ያደገ ልጅን ለየብቻ አስቀምጬ አሥራ ሁለት ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መልሱን በየወረቀቱ እጽፋለሁ። ሁለት ሕግ ነበረን። አንዱ የነገረንን ለሌላው አንናገርም። ደግሞም እንጠይቃለን፣ እንጽፋለን እንጂ በሰው ቤት ጉዳይ አንገባም። ይህን መምህሬ ሦስት ጊዜ አስምለውኛል ማለት ይቻላል።

ስምንት ቤት ጨርሼ ወደ ዘጠነኛው ሄድኩ። ዘጠነኛው ቤት ጀጎል ውስጥ፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ፣ የአው ዩሱፍ ቤት ነበር። «አው» በሐረሪዎች ቋንቋ አባት ማለት ነው፤ ታላቅ ሰውም በዚሁ ይጠራል። እናት ደግሞ «አይ» ናት። አው ዩሱፍ መጽሐፍ ደጓሽ ናቸው፤ ቁርኣንና ኪታብ በቆዳ እየደጎሱ ነው የኖሩት። ባለቤታቸው አይ ረሂማ የወንዶች ቆብ ይጠልፋሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ፋጡማ፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ። እኔ ከሐረሪ ልጆች ጋር ስለተማርኩ ቋንቋቸውን እሰማለሁ፤ እነሱም ከእኔ ጋር አማርኛ ይናገራሉ።

ረቡዕ ስደርስ ቤቱ ለሰርግ ይዘጋጅ ነበር። መደቡ ሁሉ በአዲስ ቀይ አፈር ተቀብቷል፤ ቀሚሴን አስነካሁት። ፋጡማ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ኒካህ ሊታሰርላት ነው። ሙሽራው የእናቷ ወንድም የሐጂ ኢድሪስ ልጅ፣ ድሬዳዋ ጨርቅ የሚነግድ በድሪ የሚባል ወጣት ነው። «ሌላ ጊዜ ልምጣ» ብል አይ ረሂማ እምቢ አሉ። «እንግዳ ከደጅ አይመለስም፤ ነይ ግቢ» አሉኝ። እየጠለፉ ያናግሩኝ ጀመር።

ሰባተኛው ጥያቄ «በዚህ ዓመት በቤታችሁ የተወሰነ ትልቅ ነገር ምንድነው? እርስዎ ምን ተሰማዎት?» የሚል ነው። አይ ረሂማ መርፌያቸውን አቆሙ።

«ይሄው የልጄ ጋብቻ ነው። ለማንም አትናገሪም ብለሻል?»

«አልናገርም።»

«እኔ አልፈለግሁትም። ልጄ ስምንተኛን በአንደኛነት ነው ያለፈችው፤ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቀብሏት ነበር። ግን ወንድሜ ሲጠይቅ አው ዩሱፍ ‹እሺ› አሉ። የወንድ ልጅ ቃል ወጣ። እኔ አሁን ብቃወም ባሌን በሰው ፊት ዋሾ አደረግሁ ማለት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ክፉ ቃል ያልተናገሩኝን ሰው!»

ጻፍኩ። ሌሎች ቤቶችም እንዲህ ያለ ነገር ሰምቻለሁና አልደነቀኝም።

ሐሙስ ጠዋት አው ዩሱፍን ፈረስ መጋላ አጠገብ ካለችው ሱቃቸው አገኘኋቸው። በቆዳና በሙጫ ሽታ መካከል ተቀመጥኩ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ ስንደርስ በጣታቸው የቆዳውን ጠርዝ ሲዳብሱ ቆዩ።

«የልጄ ኒካህ ነዋ፣ አልሃምዱሊላህ።»

«እርስዎ ምን ተሰማዎት?»

«ይህም ይጻፋል?»

«ይጻፋል። ግን ማንም አይሰማም።»

«እንግዲህ ጻፊ። ለእኔ ቢሆን ፋጡማ ትማር ነበር። እኔ የሰው መጽሐፍ ስደጉስ የኖርኩ፣ ልጄ መጽሐፍ ብታስተምር ምን ይከፋኛል? ግን የረሂማ ወንድም ነው የጠየቀው። ረሂማ ወንድሟን እንደ አባት ነው የምታየው። እምቢ ብዬ እሷን ከሥጋዋ ላጣላ? አላደርገውም ወላሂ።»

እጄ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋቸው። አፌ ላይ የመጣውን ዋጥኩትና ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ፋጡማን አገኘኋት። ኪርታት በሚሏት፣ ሙሽሮች የሚቀመጡባት ትንሽ ክፍል ውስጥ ነበረች። ቀጭን፣ ዓይኗ ትልልቅ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ልጅ ነች። ለጥያቄዎቹ ሁሉ «አው ያውቃሉ»፣ «አይ ታውቃለች» እያለች መለሰች። ሰባተኛው ላይ ደግሞ «ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል። የእነሱን ደስታ የማፈርስ እኔ ማን ነኝ?» አለችኝ። የመጨረሻው ጥያቄ «በዚህ ቤት የከፋው ሰው ለማን ይናገራል?» ነበር። 

«ለማንም። ሁላችንም አንዳችን ለሌላችን እንጠነቀቃለን» አለች። ቀጥላ፣ ወረቀቴን እያየች፣ «ከነገ በኋላ ብትመጪ አታገኚኝም። እኔ አልኖርም» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው?»

በዚያው ቅጽበት እንሶስላ የሚቀቧት ሴቶች እየሳቁ ገቡ። ፋጡማ እጇን ዘረጋችላቸው። ፊቷን ከእኔ መለሰች። ወጣሁ።

ወደ ፈረስ መጋላ እየሄድኩ ያቺን ቃል አላመጥኳት። አልኖርም። ወደ ባሏ ቤት መሄዷ ነው እንዳልል አነጋገሯ የሙሽራ አልነበረም። ትታቸው ልትኮበልል ነው? ወይስ መኖር ነው የምትተወው? በአማርኛችን ሁለቱም አንድ ቃል ነው። ግንቡን ተደግፌ ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ቦርሳዬ ውስጥ ሦስት ወረቀት አለ። ሦስቱን ጎን ለጎን ቢያነቧቸው ሰርጉ ዛሬውኑ ይቀራል። ማንም ያልፈለገው ሰርግ ነው! ባል ለሚስት፣ ሚስት ለባል፣ ልጅ ለሁለቱ ሲሉ የገቡበት። ይህን ከፈጣሪና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እኔም ቃል ገብቻለሁ።

በቀጥታ ስልክ ቤት ሄድኩ። አንድ ሰዓት ሙሉ ተሰልፌ መምህሬን አዲስ አበባ አገኘኋቸው። እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው።

«ምን ልታደርጊ ነው የምታስቢው?» አሉ።

«ለእናትዋ ልንገራቸው?»

«አንዱ የነገረሽን ለሌላው ከተናገርሽ፣ ከነገ ወዲያ በዚያ ከተማ ማን በር ይከፍትልሻል? ማን እውነት ይነግርሻል?»

«ጌታዬ፣ ሕይወት ቢጠፋስ?»

መስመሩ ይንሿሿል። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ።

«አይደለሁም።»

«በግምት ሰው ቤት አትግቢ። ወረቀትሽን...» ስልኩ ተቋረጠ።

መምህሬን አልወቅስም። የተናገሩት ትክክል ነበር። እኔም ሳስበው፣ ለእናትዋ ብቻ «ልጅዎን ይጠብቋት» ብላቸው በር ይዘጉባታል እንጂ ኒካሁ አይቀርም። ለአባትየው የሚስታቸውን ብነግራቸው «ለሰው ስሞታ ነገርሽ» ብለው ሚስታቸውን ይቀየማሉ። አንዱን ከፍቼ ሌላውን ከሸፈንኩት ቤቱን አፈርሰዋለሁ። እንዲህ ስል እንዲያ ስል ነጋ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በራቸውን አንኳኳሁ። ሴቶቹ ጓሮ ምግብ ያበስላሉ። አይ ረሂማ እጃቸው ዱቄት እንደነካው ወጡ።

«ልጄ፣ ዛሬም?»

«አይ ረሂማ፣ ፋጡማ አለች?»

«የት ትሄዳለች? ክፍሏ ናት።»

እፎይ አልኩ። «አንድ ነገር ቀርቶኛል። ሦስታችሁንም አንድ ላይ ማናገር አለብኝ። አሁን። ከሶላት በፊት።»

ፊቴን አዩት። ምን እንዳነበቡበት አላውቅም፤ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፉ ገብተው ጠሯቸው። አው ዩሱፍ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። የቤቱ ጌታ በሚቀመጥበት ከፍ ያለ መደብ ላይ ተቀመጡ፤ አይ ረሂማ ዝቅ ብለው፣ ፋጡማ ከበሩ አጠገብ ጥግ ይዛ፣ እጆቿ በእንሶስላ ቀልተው። ዓይኖቿ አብጠዋል። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። 

«ቶሎ በይ ልጄ። ሐጂ ኢድሪስ ከምስክሮቹ ጋር አምስት ሰዓት ላይ ይመጣሉ» አሉ አው ዩሱፍ።

«በዚህ ቤት ትልቅ ነገር ሲመጣ ማን ይወስናል?»

«እኔ» አሉ። «እሳቸው» አሉ አይ ረሂማ። ፋጡማ ራሷን ነቀነቀች። ሦስቱም ተስማሙ። ለየብቻ ግን እያንዳንዳቸው ለሌላው ሲሉ እንደተስማሙ ነበር የነገሩኝ።

«የዛሬው ጋብቻ የማን ፈቃድ ነው?»

ጓሮ የሚንጣጣው ዘይት ተሰማኝ።

«ይህ ወረቀትሽ ላይ አለ?» አሉ አው ዩሱፍ፤ ድምፃቸው ተለውጧል።

«የለም።»

«እንግዲያውስ ለምን ትጠይቂያለሽ?»

አው ዩሱፍ ቆሙ። «እኛ እንደ ልጅ አስገባንሽ። በልጄ ኒካህ ቀን ምን ፈልገሽ ነው? ማነው ምን የነገረሽ? ፋጡማ ናት?» ፋጡማን አዩዋት፤ እሷ ግድግዳው ውስጥ ልትገባ ደረሰች። ቀጥሎ ሚስታቸውን አዩ። «ረሂማ?»

አሁን ካልተናገርኩ ልባረር ነው። ተነሣሁ።

«አው ዩሱፍ፣ ማንም የነገረኝን አልናገርም። የሌሎቹን ስጠብቅ የእርስዎንም ጠብቄአለሁ። ትናንት ሱቅዎ ውስጥ የነገሩኝን እስካሁን ማንም ከእኔ አልሰማም። እኔ መናገር አልችልም፤ እርስዎ ግን ይችላሉ።»

የተከፈተ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። የተናገሩትን አስታወሱ። አይ ረሂማ ወደ ባላቸው ቀና አሉ።

«ምን ነገሯት?»

አው ዩሱፍ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በቋንቋቸው ነበር፤ እኔ እንደ ሰማሁት ልንገራችሁ።

«የአንቺ ፈቃድ ነው አልኳት» አሉ።

«የእኔ?»

«ወንድምሽ ሲጠይቀኝ ወዳንቺ አየሁ። አንገትሽን ደፋሽ። ወደሽ ነው ብዬ እሺ አልኩ።»

አይ ረሂማ ዱቄት የነካ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ አላህ! ደንግጬ ነው እኮ! እምቢ ይሉልኛል ብዬ፣ ፊቴ እንዳይታይ ነው የደፋሁት! ቀና ስል እሺ ብለዋል!»

«ታዲያ ስድስት ወር ሙሉ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቃልዎን ላሳጥፍዎ?»

ከጥግ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም። ፋጡማ ነበረች። «እኔ ደስ ብሏችኋል ብዬ ነበር» አለች። «እኔ ደስ ብሏችኋል ብዬ ነበር...» ከዚህ በላይ አልቻለችም። እናትዋ ዘለው አቀፏት።

«ምን ልታደርጊ ነበር? ንገሪኝ፣ ምን አስበሽ ነበር?»

«አላውቅም። በሸዋ በር ወጥቼ መኪና ልሳፈር ነበር። ደግሞ ሌላም አስቤ ነበር። ዛሬ ጠዋት የትኛውን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።»

አው ዩሱፍ ይህን ሲሰሙ ነጭ ጥምጣማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። አባት ሲፈርስ አይቼ አላውቅም ነበር። እኔም የራሴ እንባ መውረዱን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። አላለቀም። በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ኢድሪስ ከሁለት ሽማግሌ ምስክሮች ጋር ቀድመው መጡ። ድምፃቸው ግቢውን ሞላው።

«ምን እናድርግ?» አሉ አይ ረሂማ በሹክሹክታ። «ከተማው ሁሉ ተጠርቷል። ወንድሜ ይሞታል።»

አው ዩሱፍ ጥምጣማቸውን መልሰው አደረጉ። ጊዜ የወሰደባቸው መሰለኝ፤ ሁለት ጊዜ ተበተነባቸው። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ፋጡማ፣ ምስክሮቹ ፈቃድሽን ይጠይቁሻል። የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው። ዝም ካልሽ እኔ ምንም ማድረግ አልችልም። ከተናገርሽ ግን አጠገብሽ ነኝ።»

እሷን ኪርታት ውስጥ አስገባናት። እኔና እናትዋ ግራና ቀኝ ተቀመጥን። ምስክሮቹ ከመጋረጃው ወዲያ ቆሙ። አንደኛው ሽማግሌ በዝግታ ጠየቋት፦ የዩሱፍ ልጅ ፋጡማ፣ ለኢድሪስ ልጅ ለበድሪ ለመዳር ፈቃድሽ ነው?

ፋጡማ ዝም አለች።

እጇን ይዤው ነበር። ሽማግሌው ደግመው ጠየቁ። ዝም። ከመጋረጃው ወዲያ ሐጂ ኢድሪስ «አልሃምዱሊላህ፣ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው» ሲሉ ሰማሁ። አይ ረሂማ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሆዴ «ተናገሪ፣ ተናገሪ» እላለሁ፤ አንድ ቃል ግን ማውጣት አልችልም፤ ቃሉ የእኔ አይደለም።

«ቆዩ» አሉ አው ዩሱፍ። «ሦስተኛ ይጠየቅ። የልጄን ድምፅ እፈልጋለሁ።»

ሦስተኛ ተጠየቀች።

«አልፈልግም» አለች ፋጡማ። ድምፅዋ ተሰነጠቀ። ደግማ፣ ጮክ ብላ፣ «አልፈልግም። መማር ነው የምፈልገው» አለች።

ከዚያ የሆነውን ለማንም አልመኝም። ሐጂ ኢድሪስ ጮኹ፤ «ረሂማ፣ እህት የለኝም!» አሉ። አይ ረሂማ ተከትለው ሲወጡ በሩን አጋጩባቸው። አው ዩሱፍ ግቢው መካከል ቆመው ስድቡን ሁሉ ዝም ብለው ጠጡ። አንድ ነገር ብቻ ነው የመለሱት፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳልጠይቅ እሺ ብያለሁ።» የጁምዓው አዛን ሲሰማ ለብቻቸው ወደ መስጊድ ሄዱ። በመንገዱ ሁሉ ሰው ዞር እያለ ያያቸው ነበር።

ሐጂ ኢድሪስ ለሰባት ዓመት የእህታቸውን ደጅ አልረገጡም። አይ ረሂማ በዒድ ቀን ሁሉ ሲያለቅሱ እንደሚውሉ ፋጡማ ነግራኛለች። እሷ ማሠልጠኛ ገብታ መምህር ሆነች፤ በኋላም የወደደችውን አግብታ ወለደች። መምህሬ የዘጠነኛውን ቤት ወረቀት ከጥናቱ አወጡት። «ጠያቂው የገባበት መልስ መረጃ አይደለም» ብለው ቀይ መስመር አሰመሩበት፤ ማርኬም ዝቅ አለ። አልተከራከርኩም። ግን በዚያው ዓመት ምን ሆኜ እንደምኖር አወቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት የተኳረፉና የተጠነቃቀቁ ቤተሰቦችን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መጠየቅ ነው። መልሱን እኔ አልሰጥም፤ እንዲደማመጡ ብቻ አደርጋለሁ።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ በየቤታችሁ «እሱን እንዳላስከፋ» ብላችሁ ያፈናችሁት ነገር ካለ፣ ያ ሰውም ለእናንተ ሲል ያንኑ አፍኖ ይሆናል። ጥል ያፈረሰው ብዙ ቤት አይቻለሁ። መጠንቀቅ ያፈረሰው ግን አይቆጠርም፤ ድምፅ የለውማ።

ይህን ታሪክ ለዓመታት እንደ ድሌ አድርጌ ሳወራው ኖርኩ። አንድ ቀን ለሥራ ድሬዳዋ ወርጄ ጨርቅ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ባለ ሱቁ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ከሐረር መምጣቴንና ሥራዬ ቤተሰብ መጠየቅ መሆኑን ሲሰማ አተኩሮ አየኝ።

«ባለ ወረቀቷ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

የፋጡማ ሙሽራ ሊሆን የነበረው በድሪ ነበር።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የወደድኳት» አለ፣ ጨርቁን በክንዱ እየለካ። «እንዲያጩልኝ አባቴን የለመንኩት እኔ ነበርኩ። እነሱን ሁሉ ጠየቅሽ አሉ። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።»

እውነቱን ነው። ከአራት ሰው ሦስቱን ብቻ ነበር የጠየቅሁት፤ አራተኛው መኖሩ እንኳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

«ዛሬ ብጠይቅህስ?» አልኩት።

መቀሱን አስቀመጠ። «ዛሬማ ምን ያደርጋል» አለ። ከዚያ ግን ከጀርባው አንድ ዱካ አምጥቶ ፊት ለፊቱ አኖረልኝ፤ የሱቁንም በር ገርበብ አደረገው።

ተቀመጥኩ።